ደጅ በሌለበት ደጅ ጥናት

ውጤቱ ብቻ አይበቃም አሉን። ድርሰቱ አይበቃም፣ የመምህሩ ምስክርነት አይበቃም፣ የአባቱ የደመወዝ ደብዳቤ አይበቃም። በዚህ ሁሉ ላይ ልጁ ኮሌጁን ከልቡ እንደሚፈልገው ማሳየት አለበት አሉን። ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ነው የማወራው። እኛ ደግሞ ያለነው ባሌ ሮቤ ነው፤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን፣ ከስንዴያችንና ከብርዳችን ጋር። እኛ ስል ልጆቹን ብቻ አይደለም። ፎርም አብረን የምንሞላው መምህራን አለን፣ ላፕቶፕ የሚያውሱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አሉ፣ የዳታ ጥቅል የሚሞላ ታላቅ ወንድም አለ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባት በየማለዳው «ዛሬስ መለሱልህ?» የምትል እናት አለች። ሁላችንም ነን የደከመን።

መለመን ስለማናውቅ እንዳይመስላችሁ። እኛ እኮ ደጅ ጥናት ያሳደገን ሕዝብ ነን። አያቶቻችን ለርስት ክርክር፣ ለሹመት፣ ለምሕረት በየጌታው ደጅ ከርመዋል። ዝናብ ወርዶባቸዋል፣ ስንቅ አልቆባቸዋል፣ በቅሏቸው ከስታለች። ደጁ ግን ነበረ! ዘበኛው ያያቸዋል፣ አጋፋሪው ስማቸውን ይለምዳል፣ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳሉ፣ በመጨረሻ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልሄደም?» ይባልላቸዋል። ውጭ አገር ለመማር እንኳን ደጅ የሚጠናው እዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ከሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀው መላኩ በያን መጀመሪያ ለትምህርት ከአገር የወጣው በተፈሪ መኮንን ላኪነት ነው። ቤተ መንግሥቱ ከፈቀደ ፈቀደ። የዛሬ ልጆቻችን ግን ኦሃዮ ያለውን ደጅ ሮቤ ተቀምጠው ነው የሚጠኑት።

ነገሩ ሐሜት አይደለም። ኮሌጆቹ በየዓመቱ ስለራሳቸው የሚሞሉት «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል መጠይቅ አለ። ሲ7 የተባለው ሰንጠረዥ ላይ አመልካች የሚመዘንባቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ አመልካቹ ያሳየው ፍላጎት ነው። ኮሌጁ እጅግ አስፈላጊ፣ አስፈላጊ፣ ከግምት የሚገባ፣ ከግምት የማይገባ ከሚሉት አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ኮሌጅም እንደ ሰው እምቢ መባል ያመዋል። ከተቀበላቸው ልጆች ስንቱ እንደሚመጣ ካላወቀ ወይ አልጋው ባዶ ይቀራል፣ ወይ አልጋ ያጥረዋል። በዚያ ላይ ጠርቶ የማይቀርበት ኮሌጅ የተከበረ ይመስላል። ዩ.ኤስ. ኒውስ የተባለው መጽሔት ከተጠሩት ስንቱ እንደመጣ የሚያሳየውን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2003 ከደረጃ ማውጫው አስወጥቶታል፤ ከኮሌጆቹ ልብ ግን አልወጣም።

በሽታውን ደግሞ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። «ኮመን አፕ» በሚባለው የጋራ ማመልከቻ አንድ ልጅ እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይችላል። በሩን ለሃያ ከፈቱት፤ ከዚያ ሃያውም ተሰብስበው «እኔን ነው ወይስ ሌላዋን?» ብለው ይጠይቁታል።

እኛ የመጣነው ደግሞ ከምደባ አገር ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል፣ የሮቤው ልጅ ጎንደር ይደርሰዋል፣ የጎንደሩ ልጅ እዚህ እኛ ዘንድ መዳ ወላቡ ይመጣና በብርዱ ይገረማል። ሚኒስቴሩ አንድም ቀን «ለምን መረጥከኝ?» ብሎ አያውቅም። «የቤተ መጻሕፍቴ የትኛው ጥግ ማረከህ?» ብሎ አያውቅም። ምደባን ስናማርር ኖረናል፤ ቢያንስ ግን ፍቅር አስመስሉ አላለንም።

የፍቅር ማሳያው ዋነኛ መንገድ፣ ይላሉ መካሪዎቹ፣ ግቢውን መጎብኘት ነው። ቤተሰብህን ይዘህ ሂድ፣ መዝገቡ ላይ ፈርም፣ ቢሮው ያስታውስሃል። እሺ። ከሮቤ እንነሳለን፣ በዲንሾ፣ በአዳባ፣ በዶዶላ፣ በሻሸመኔ አድርገን አዲስ አበባ እንደርሳለን። እስከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከዚያ የጎብኚ ቪዛ። ለቪዛው ማመልከቻ ብቻ 185 ዶላር፣ ቢከለከልም የማይመለስ። ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ ይህ አሥር ሺህ ብር ነበር፤ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ለመማር አይደለም፣ ግቢውን አይቶ «ሣራችሁ ያምራል» ብሎ ለመመለስ ነው።

የእኛ ልጆች የግቢ ጉብኝታቸው አንድ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና። ከ2015 ጀምሮ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ስለተደረገ፣ ልጁ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይገባል፣ በር ላይ ይፈተሻል፣ ስልክ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ፖሊስ አለ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጉብኝቱ ብዙም ፍቅር አላፈራም።

እርግጥ ኮሌጆቹ ደጎች ናቸው፤ መምጣት ያልቻለ አይጎዳም ይላሉ። በኢንተርኔት ኑ ይላሉ። ግቢውን በቪዲዮ አዙሮ የሚያሳይ አለ፤ ከፍተነው በሩ ጋ ሳንደርስ ጥቅሉ ያልቃል። የቀጥታ ገለጻ አለ፤ ምሽት 7 ሰዓት ላይ፣ በእነሱ ምሥራቃዊ ሰዓት። ያ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ግድም ሰዓታቸውን ይቀይሩና 9 ይሆናል። እነሱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ፣ እኛ ከንጋት፤ እነሱ ኖቬምበር 1 ይላሉ፣ እኛ ጥቅምት 22። በዚህ ሁሉ መካከል መደመርና መቀነስ ያልተሳሳተ ልጅ ሒሳብ ፈተና ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ሌሊት 9 ሰዓት ሮቤ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ላይ ጋቢ ተደርቦ፣ ስልክ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ መብራት እንዳይሄድ ጸሎት ተደርጎ፣ ልጁ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። የኒው ጀርሲ ልጅ ስለ ካፍቴሪያው ቬጀቴሪያን ምግብ ይጠይቃል። ሌላዋ ድመቷን ዶርም ማስገባት ይቻል እንደሆነ ትጠይቃለች። ለሁለቱም ረጅምና ሞቅ ያለ መልስ ይሰጣል። የእኛ ልጅ ጥያቄ አንድ ናት፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ አለ ወይ? እሷን ግን እንዳይጠይቅ ተመክሯል። ድረ ገጽ ላይ ያለውን ነገር መጠየቅ ሰነፍ ያሰኛል፣ ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ ፍቅሩ የእውነት አይደለም ያሰኛል። እናም ያቺን ብቸኛ ጥያቄውን ውጦ «የግቢው የክበባት ሕይወት ምን ይመስላል?» ብሎ ይጽፋል። እንቅልፉን ሰውቶ ስለ ክበባት ሕይወት!

ኢሜይሉ ደግሞ አለ። ኮሌጆቹ የአመልካች መረጃ የሚይዙበት ፕሮግራም ኢሜይሉ መከፈት አለመከፈቱን፣ ሊንኩ መጫን አለመጫኑን መመዝገብ ይችላል። ይህ ወሬ ሮቤ ከደረሰ ወዲህ ልጆቹ ኢሜይል የሚከፍቱት ለማንበብ አይደለም፣ ለመታየት ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ዋይፋይ ያለው ካፌ ጥግ ይዘው፣ አንዲት ማኪያቶ ለሦስት አዝዘው፣ ሊንክ ሲጫኑ ያመሻሉ። ስልኩ የወንድም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ስልኩን ይዞ ጊኒር ከሄደ ፍቅራችን እሱ እስኪመለስ ይቋረጣል። አገሩ ራሱ ሲቋረጥስ? በ2009 ለፈተና ሲባል ኢንተርኔት ጠፋ። በ2012 ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ጠፋ። እኛ እዚህ በሰው ሞት ልባችን ተሰብሮ፣ ወሬ ከየት እንሰማለን ብለን ስንጨነቅ፣ እዚያ አንድ ኮምፒውተር «ይህ ልጅ ቀዝቅዟል» ብሎ መዝግቦን ይሆናል።

የካውንስለሩን ነገር ባነሳው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ግን ሳላነሳው አላልፍም። ማመልከቻው የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ስለ ልጁ በጥልቀት እንዲጽፍ ይፈልጋል። የእኛ ትምህርት ቤቶች ርዕሰ መምህር አላቸው፣ ዩኒት መሪ አላቸው፣ ሪከርድ ቢሮ አላቸው። ልጁን ለአራት ዓመት ቢሮው አስቀምጦ ስለ ሕልሙ ያናገረው ካውንስለር የሚባል ሰው ግን የለም። ስለዚህ ዩኒት መሪው ይጽፋል። እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል፤ ቁጥር፣ ቀን፣ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ ከዚያ ተማሪው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በትምህርት ቤታችን የተማረና መልካም ጠባይ ያለው መሆኑን እየገለጽን፣ «ከሠላምታ ጋር»። ሁለት መስመር። በእኛ ዘንድ መልካም ጠባይ ያለው ከተባለ በኋላ ምን ይጨመራል? እዚያ ማዶ ግን ልጁ ዝናብ ላይ ጃንጥላውን ለማን እንደሰጠ ካልተጻፈ አልተመሰከረለትም። ያችም ሁለት መስመር ብትሆን ማህተም ትፈልጋለች። ማህተም ያዡ ጎባ ስብሰባ ሄዷል። ጎባ በባጃጅ እንኳ የምትደረስ ናት፤ ስብሰባ ሲኖርባት ግን ከአሜሪካ ትርቃለች።

የእንግሊዝኛው ፈተና በቤት ይቻላል ሲባል ደስ ብሎን ነበር። አዲስ አበባ መሄድ ቀረ፣ የአልጋ ቀረ፣ የሾፌር ጭቅጭቅ ቀረ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የተዘጋ በር፣ ከልጁ በቀር ሰው የለም፣ ዓይን ከስክሪን አይነሳም፣ ካሜራው ያያል። ሕጉን ያወጣው ሰው ባሌ ውስጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። አንዱ ልጅ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በሩ ተከፈተ። አክስቱ ናት፤ በአንድ እጇ ስኒ፣ በአንድ እጇ ቆሎ። «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው ከጠዋት ጀምሮ የምታወራው? እስቲ አፍህን አሟሽ።» ልጁ ዓይኑን ሳያነሳ በእጁ ምልክት ሰጣት። አልገባትም። በካሜራ የሚያይ ሰው አለ ሲላት ደነገጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፣ ጎንበስ አለችና ወደ ላፕቶፑ «ደህና ናችሁ? ልጆች ደህና ናቸው?» አለች። ውጤቱ አልጸደቀም። ክፍያውም አልተመለሰም። አክስቱ እስከ ዛሬ የሚገርማት ሰላምታዋን አለመመለሳቸው ነው።

ድርሰቱ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ሁለት ነው። አንደኛው «ለምን እኛን?» ይላል። ልጁ በሥጋ አይቶት የማያውቀውን ግቢ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ፕሮፌሰር፣ ቀምሶት የማያውቀውን የኮሌጁን አይስክሬም መናፈቅ አለበት። ናፍቆቱ ደግሞ ዝርዝር ይፈልጋል፤ የኮርሱ ስም፣ የላቦራቶሪው ስም። ጎበዞቹ ልጆች ይህን ከድረ ገጹ ለቅመው ይሞሉታል፣ አንዳንዴም ኮሌጁን ሲቀይሩ ፕሮፌሰሩን መቀየር ይረሱና ሚኒሶታ ላለው ኮሌጅ የፔንሲልቬኒያውን ሰውዬ ይናፍቃሉ።

ሁለተኛው ራስህን ግለጽ ይላል፤ ሌላ ሰው የማይጽፈውን ጻፍ። ሌላ ሰው የማይጽፈው ምን አለን? ሶፍ ዑመር አለን። ስለዚህ የሮቤ ልጅ ሁሉ ሶፍ ዑመርን ይጽፋል። ወይብ ወንዝ ዋሻውን ቦርቡሮ ከ15 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መተላለፊያ ሠርቷል፤ ድርሰቶቻችን በሙሉ በአንደኛው አፍ ይገባሉ፣ በሌላኛው ይወጣሉ። ልጁ ሲገባ ግራ የገባው ነው፣ ሲወጣ ባዮሜዲካል ኢንጂነር። ጨለማው ድህነት ነው፣ ብርሃኑ ኮሌጁ። እዚያ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ባሌ በሙሉ ዋሻ ውስጥ የሚያድር ሳይመስለው አይቀርም።

«ለመሆኑ ሶፍ ዑመር ሄደህ ታውቃለህ?» እላለሁ።

«አላውቅም ቲቸር፣ ቪዲዮ ግን አይቻለሁ።»

አይፈረድበትም፤ ከሮቤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዘመድ ወይም ዚያራ ከሌለህ ምን ወስዶህ። ዋሻውን የሼኽ ሶፍ ዑመር ቦታ ነው ብለው ከሩቅ እየመጡ ዱዓ የሚያደርጉበት ሰዎች በልጁ ድርሰት ውስጥ የሉም፤ እነሱ ኮሌጅ አያስገቡም ብሎ ትቷቸዋል። ዋሻውን ተው ሲሉት ሳነቴ ላይ ይወጣል፤ ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ ያሉት ከ500 እንደማይበልጡ ይነገራል፤ ስለነሱ የተጻፉት የማመልከቻ ድርሰቶች ሳይበልጧቸው አልቀሩም። የልጁ እውነተኛ ሕይወት ኮምባይነር ነው። አጨዳ ሲደርስ ከአባቱ ጋር ተራ ጠብቆ፣ ከደላላ ጋር ተጨቃጭቆ፣ የስንዴውን ጆንያ ቆጥሮ ነው ያደገው። እኔ ብሆን ይህን ነበር የማነበው። እሱ ግን «ይሄማ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው ቲቸር» ይለኛል፤ ሰው ሁሉ ሮቤ ያለ ይመስለዋል።

ደግሞ እኮ ኤም.አይ.ቲ. ፍላጎትህን አልመዝንም ይላል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንም እንዲሁ። የውጭ አገሩንም ልጅ የገንዘብ አቅሙን ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ከሚሞሉለት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ታዲያ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበሉም። ቀሪው ዘጠና አምስት ወርዶ፣ ማስረጃ ከሚጠይቁት ዘንድ ይሰለፋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ገንዘብ ውስን ስለሆነ መክፈል አለመቻልህንም ይመዝኑታል። ከልብህ ውደደን፣ ነገር ግን በራስህ ወጪ፣ ነው ነገሩ። ትልቁ የፍቅር ማረጋገጫ ደግሞ አስቀድሞ ማመልከት ነው፤ ከተቀበላችሁኝ ሌላ አላይም ብሎ መፈረም። ልጁ ይፈርማል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ካውንስለሩ ይፈርማል። ካውንስለሩ ዩኒት መሪው ነው፤ ምን እንደፈረመ ጠይቆኝ ሳስረዳው «ለአንድ ልጅ ትምህርት ቤት እኔ ልታሰር?» አለ።

ይህ ሁሉ አልፎ ተቀበሉት እንበል። እልል ተብሎ፣ ቡና ፈልቶ፣ 350 ዶላር ለተማሪ መመዝገቢያው፣ 185 ለቪዛው ተከፍሎ ልጁ ኤምባሲ ይቀርባል። እዚያ መስኮቱ ላይ የሚጠብቀው እ.ኤ.አ. የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) ነው። ሕጉ አመልካቹ እዚያው ሊቀር ነው ብሎ ነው የሚነሳው፤ አለመሆኑን ማስረዳት የልጁ ፈንታ ነው። ዓመቱን ሙሉ «ያለ እናንተ መኖር አልችልም» እንዲል ያሠለጠንነውን ልጅ፣ አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ «ያለ ባሌ ስንዴ መኖር አልችልም» እንዲል እናሠለጥነዋለን። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል እኮ! ሰው ትምህርት ቤቱን ይወዳል፣ አገሩንም ይወዳል። ይህን በጥቂት ደቂቃ፣ በመስታወት በኩል፣ በሁለተኛ ቋንቋ አስረዳ ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ የተማሪ ቪዛ ጠያቂ ማኅበራዊ ሚዲያውን ለሁሉም ክፍት ያድርግ ተብሏል። ፍቅሩን ለማሳየት ኢንስታግራም ላይ ሃያ ኮሌጅ የተከተለው ልጅ፣ ያንኑ ገጹን አሁን ለመንግሥታቸው ይከፍታል። ያኔ ላይክ ማድረግ ያስመሰግን ነበር፤ አሁን የትኛው ላይክ ምን እንደሚያስከትል ማን ያውቃል?

ያ አክስቱ ቡና ያመጣችለት ልጅ ፈተናውን ደግሞ ወሰደ፣ አንድ ኮሌጅም ተቀበለው፣ ቪዛው ላይ ግን ቀረ። አሁን እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ተመድቦ። ኮሌጁ ግን አልተወውም። እሱ ኢሜይል መክፈት ካቆመ ቆይቷል፤ እነሱ መጻፍ አላቆሙም። ሰሞኑን ደግሞ «ናፍቀኸናል» ብለው ጻፉለት። ቅዳሜ ጠዋት የግቢ ጉብኝት አለ፣ ቁርስ ተዘጋጅቷል፣ ቤተሰብህን ይዘህ ና፣ የመኪና ማቆሚያው በነጻ ነው ይላል። ለአክስቱ ተርጉሞ አነበበላት።

«በነጻ ከሆነማ ሂድ እንጂ» አለችው።